ዜማው ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት

ይድረስ በግላችሁ ለምትሠሩ ወጣት የዜማ ደራሲያንና አቀናባሪዎች፤

ዜማ መሥራት እንደምትችሉ አልጠራጠርም። የሚያሳስበኝ ዜማው ከእጃችሁ የሚወጣበት መንገድ ነው። በእኛ ሙያ አብዛኛው ጠብ የሚነሣው ዘፈኑ ሲወደድ ነው፤ ሰሚ ባጣ ዜማ ማን ይከራከራል? ስለዚህ ውሉ መጻፍ ያለበት ዘፈኑ ገና ምንም ሳይሆን፣ ሁሉም እየተሳሳቀ ቡና በሚጠጣበት ሰዓት ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996፣ አንድ ሥራ ጥበቃ እንዲያገኝ ወጥ (ከሌላ ያልተቀዳ) መሆኑንና ተጽፎ ወይም ተቀርጾ መገኘቱን ይጠይቃል። በስልክ አንጎራጉራችሁ ያሰማችሁት ዜማ የእናንተ ስለመሆኑ ምን ታሳያላችሁ? ዜማው እንደመጣላችሁ አዝማቹንም ጨምራችሁ እስከ መጨረሻው ቅረጹት፤ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት፤ ቀኑ እዚያው ይቀመጥላችኋል። ይህ ሁሉ ለዘፋኙ ከማሰማታችሁ በፊት ነው። የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ማስመዝገብም ይቻላል። መብቱ በምዝገባ የሚገኝ ባይሆንም፣ የክርክር ቀን ሲመጣ የምዝገባ ወረቀቱ ይጠቅማል።

ቀኑ ላይ አጥብቄ የያዝኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዐዋጁ በትዕዛዝ የተሠራን ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ለአዛዡ ይሰጠዋል። ዘፋኙ «አንድ ዜማ ሥራልኝ» ብሎ ከፍሏችሁ ያለ ውል ካስረከባችሁት፣ ዜማው ነገ ግጥሙ ተቀይሮ የሳሙና ማስታወቂያ ቢሆን የመከራከሪያ መሬታችሁ ጠባብ ነው። አስቀድማችሁ የሠራችሁትን፣ ቀን ያለውን ዜማ ያቀረባችሁ እንደሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስማችሁ የመጠቀስ መብት የሞራል መብት ስለሆነ፣ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም በሥራው ገንዘብ የማግኘት መብቱ፣ ለሌላ ስለተላለፈ ብቻ አብሮ አይሄድም።

መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። ሕግ በጽሑፍ ይሁን ያለው ውል ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበታል። በቴሌግራም «እሺ፣ ተስማምተናል» መባባል ይህን አይተካም። ውሉ አንድ ገጽ ቢሆን ይበቃል፤ «ዜማውን ሙሉ በሙሉ ሸጫለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ግን አትፈርሙ። የሠራችሁበት ዋጋ ሌላ፣ የመጠቀም ፈቃዱ ሌላ ነው። ፈቃዱ ለምን እንደሆነ በስሙ ይጠራ፦ ለነጠላ ዜማ፣ ለአልበም፣ ለመድረክ። ማስታወቂያና ፊልም በሌላ ውል ይሁኑ፤ ማስታወቂያ ከሆነ ለስንት ወር፣ በየትኛው ሚዲያ፣ በየትኛው አገር እንደሆነ ይጻፍ። የዜማው፣ የግጥሙና የቅንብሩ ድርሻ በመቶኛ ተቀምጦ ድምሩ 100 ይምጣ። ስማችሁ በዩቲዩብ መግለጫው ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ሳይቀር ፊደሉ ይቀመጥ።

ቅድሚያ ግማሹን ተቀበሉ፤ ውሉ ላይ ግን «ቀብድ» ብላችሁ አትጻፉት፣ «ቅድመ ክፍያ» በሉት። ቀብድ ከተባለ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሰጪው ውሉን ሲያፈርስ ገንዘቡን ያጣል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ ግን እጥፍ ይመልሳል። ሥራ ተደራርቦባችሁ ልትተዉት ብትፈልጉ ሒሳቡ ከባድ ነው።

ዩቲዩብ የሚከፍለው ለቻናሉ ባለቤት ነው። ከዚያ ገቢ ድርሻ ካላችሁ፣ ግብር ከመቆረጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውን ወስኑ። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት ስለሌላት፣ ኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ የቻናል ባለቤት ከአሜሪካ ተመልካች ከሚያገኘው ገቢ 30 በመቶ ይቆረጥበታል፤ ዲያስፖራው በብዛት የሚያደምጠው ዘፈን ላይ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሌላው ችግር ከኢንተርኔት የሚወርድ የተዘጋጀ ሉፕ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚሄድ አጭር የሙዚቃ ቁራጭ ነው። ያንኑ ሉፕ ሌላ ሰውም ስለሚጠቀምበት፣ ዩቲዩብ የድምፅን ባለቤት በራሱ የሚለይበት የኮንቴንት አይዲ ሥርዓት የማታውቁት ሰው ሥራ አድርጎ ሊቆጥርባችሁ ይችላል። ከበሮውን ራሳችሁ ብትቀዱት ይሻላል፤ ድምፁም ይሻላል።

ለአቀናባሪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ኪይቦርዱን ከመቅረጻችሁ በፊት ዘፋኙን በፒያኖ ብቻ አዘፍኑትና ኪዩን (ዘፈኑ የሚነሣበትን የድምፅ ከፍታ) ወስኑ፤ ከፍተኛውን ቦታ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ይዝፈነው፣ አንዴ ስለደረሰበት አትመኑት። ክራር ክሩ ይቃኛል፣ ማሲንቆም ጣት ባለበት ይሄዳል። ዋሽንት ግን ቁመቱ የወሰነው ድምፅ ስላለው፣ ነፊው ልዩ ልዩ ርዝመት ያላቸውን ይዞ የሚዞረው ለዚህ ነው። ቅንብሩ ካለቀ በኋላ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ካደረጋችሁት፣ ነፊው የያዘው ዋሽንት ላይገጥም ይችላል። በኮምፒውተር ጎትታችሁ ብታስተካክሉት ትንፋሹ የተጨማደደ ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ ቀረጻው ከመያዙ በፊት ኪዩን ንገሩት።

በማስረከብ ጊዜ እያንዳንዱ ትራክ (የየመሣሪያውና የዘፋኙ ቅጂ) ለብቻው፣ ሁሉም ከአንድ መነሻ ሰከንድ ጀምሮ፣ በ24 ቢት ይውጣ፤ ለፊልም ከሆነ በ48 ኪሎኸርዝ። የፋይሉ ስም ላይ ቴምፖው (የዘፈኑ ፍጥነት) እና ኪዩ ይግባ፤ «የመጨረሻ፣ የመጨረሻ 2» የሚባል ፋይል ትራኮቹን አዋሕዶ ሚክስ የሚያደርገውን ሰው ያሳብዳል። አንድ ቅጂ በኮምፒውተራችሁ፣ አንዱ በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ከቤት ውጭ ወይም በክላውድ ይቀመጥ፤ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ዲስክ ይበላሻል። ቀሪው ክፍያ እስኪገባ ድረስ ደንበኛው መሃሉ ላይ ምልክት ድምፅ የገባበት ኤምፒስሪ ብቻ ይስማ፤ ትራኮቹን ገንዘቡ ሒሳባችሁ ላይ መግባቱን ራሳችሁ አይታችሁ ላኩ፣ የተላከላችሁን የደረሰኝ ፎቶ አትመኑ።