የአጎቴን ውለታ በምን ልመልስ?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ተወልጄ ያደግሁት ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ነው። በፋርማሲ ተመርቄ ሁለት ዓመት ያህል ሥራ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። በዚያ መካከል በጅማ ዞን፣ ጌራ ወረዳ የሚኖሩት የእናቴ ወንድም ሦስት ጀሪካን የጫካ ማር አምጥተው «ሽጪው፣ ዋጋውን ስትችዪ ትመልሺልኛለሽ» ብለው ቤታችን አስቀመጡልኝ። ለጎረቤት ከመሸጥ ጀምሬ፣ ዛሬ ከ18 ንብ አናቢዎች ማር እየተረከብሁ፣ አጣርቼና አሽጌ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። ሁለት ሴቶችም አብረውኝ ይሠራሉ። አልሐምዱሊላህ፣ እንጀራ ሆኖኛል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያውን ማር ዋጋ ለአጎቴ በሰጠኋቸው ቁጥር «ለእናትሽ ግዢበት» እያሉ ይመልሱልኛል፤ እኔም በፊታቸው ቀና ብዬ መቆም እያቃተኝ ነው። አባቴ ደግሞ «ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ማር ለመመዘን ነው?» ይሉኛል። በቅርቡ አንድ የመድኃኒት መደብር ሊቀጥረኝ ጠርቶኛል። ባለፈው ዓመት የአንድ ሽማግሌ ንብ አናቢ 20 ኪሎ ማር ውኃ በዝቶበት ስለ መለስሁት፣ እርሳቸው እንዳይከፋቸው ጌራ ድረስ ሄጄ ምክንያቱን አስረዳኋቸው፤ በቀጣዩ ጊዜ ያመጡት ማር ከሁሉም የተሻለ ነበር። የዚያን ቀን ደስታ በምርቃቴ ቀን እንኳ አላገኘሁትም። ይህ ሥራ የተፈጠርሁበት ዓላማ ነው ወይስ ሥራ ሳጣ የተጠጋሁበት ጥግ? የአጎቴንስ ስም በዕቃው ላይ ባሳትም ውለታቸውን መመለስ ይሆንልኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ በአጎትሽ ጉዳይ ልጀምር፤ ይህ ሳይቃለል ስለ ዓላማሽ የምታስቢው ሁሉ ሐፍረት የተጫነው ይሆናልና።

በአማርኛ ስናመሰግን «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን። ቃሉን በዝግታ ላዳመጠው፣ ያደረግህልኝን ራሴ ከፍዬ አልጨርሰውምና ፈጣሪ በእኔ ምትክ ይስጥህ ማለት ነው። ውለታ በባሕርይው እንዲህ ነው፤ ተከፍሎ አያልቅም፣ ባለውለታውም እንዲያልቅ አይጠብቅም። ብድር ግን ሌላ ነው። አጎትሽ በሦስቱ ጀሪካን ያመጡልሽ ሁለቱንም ነው፤ የማሩ ዋጋ ብድር ነው፣ ማንም ሥራ ባልሰጠሽ ጊዜ አንቺን ማመናቸው ደግሞ ውለታ ነው። የጨነቀሽ ሁለቱን በአንድ ቋጠሮ ስለ ያዝሻቸው ይመስለኛል።

ብድሩን በወረቀት ለይው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር እንደማይረጋገጥ ደንግጓል። የአንቺ ጉዳይ በማር የተጀመረ ቢሆንም ሐሳቡ ይጠቅምሻል፤ ዛሬ በፍቅር የተተወ ነገር ነገ ባለቤቶቹ በሌሉበት በልጆቻቸው መካከል ክርክር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የማሩን መጠንና የዚያን ጊዜ ዋጋ ጻፊና ይዘሽላቸው ሂጂ። «ስጦታ ነው» ካሉ ስጦታ መሆኑ ይጻፍ፤ «ብድር ነው» ካሉ የሚመለስበት ጊዜ ይጻፍ። የሚቀላቸው በኦሮምኛ መስማት ከሆነ በኦሮምኛ ይነበብላቸው፣ ልጆቻቸውና ሁለት ጎረቤቶችም ይስሙት። ገንዘቡን ግን በግድ በእጃቸው አታስጨብጪ። ሽማግሌ የሰጠውን በግድ መመለስ «ከእርስዎ ጋር ተቆራረጥን» እንደ ማለት ሊሰማቸው ይችላል።

ውለታውን የምትመልሺው ግን፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ በሚዛን ነው። በጌራ ጫካ ማር የሚቆርጥ ሰው በጨለማ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ጢስ ይዞ ከረዥም ዛፍ ላይ ቀፎ የሚያወርድ ሰው ነው። ያ ሰው ይህን ያህል ደክሞ ማሩን በዓይን ግምት ለገዢ የሚያስረክብበት ጊዜ ሊኖር ይችላል። አጎትሽ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ናቸው። አንቺ በ18ቱ ንብ አናቢዎች ፊት ሚዛኑን አስቀምጠሽ ከመዘንሽ፣ ጀሪካኑ ባዶውን ስንት እንደሚመዝን ካሳየሽ፣ ቁጥሩን በእነርሱም ደብተር ላይ ከጻፍሽ፣ ዋጋውንም በዚያው ዕለት ከሰጠሽ፣ አጎትሽ ለአንቺ ያደረጉት ነገር በየቤቱ ይደርሳል። ይህን ሳታደርጊ ግን ለሁሉም በዓል ስጦታ ብትልኪላቸው ልቤ አይረካም።

ወደ ዓላማ ጥያቄሽ ልምጣ። በደብዳቤሽ ውስጥ ስለ መለስሽው 20 ኪሎ ማር የጻፍሽው ከሁሉም ይልቅ ያዘኝ። ማር ከአየር እርጥበት ይስባል፤ የውኃ መጠኑ ከ20 በመቶ ገደማ ሲያልፍ እርሾ ይነሣበታል፣ አረፋ ያወጣል፣ ይኮመጥጣል። ንቦቹ ይህን ያውቁ ይመስል፣ ማሩ በበቂ ሁኔታ ከደረቀ በኋላ ነው እያንዳንዱን ጉድጓድ በሰም የሚከድኑት፤ ስለዚህ ያልተከደነውን የማር እንጀራ የቆረጠ ሰው ውኃ ያለበትን ማር ቆረጠ ማለት ነው። ይህን ለአንድ ሽማግሌ በሚገባቸው ቋንቋ፣ ሳታዋርጂ፣ ማራቸውን መልሰሽ ማስረዳትሽ መድኃኒት ባለሙያ ለታካሚ ከሚያደርገው በምን ይለያል? ገተማ ከሚባለው ዛፍ አበባ የሚገኘው ነጭ ማር ቶሎ ሲረጋ የአዲስ አበባ ገዢ «ስኳር ተቀላቅሎበታል» ብሎ ይጠረጥራል፤ በማር ውስጥ ያለው ግሉኮስ የሚባለው ስኳር በተፈጥሮው እንደሚረጋ፣ ማሩም ዕቃው በሞቀ ውኃ ውስጥ ሲቀመጥ በቀስታ እንደሚቀልጥ የምታስረጂው አንቺ ነሽ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር መስጠት ቦቱሊዝም ለሚባለው ከባድ በሽታ ሊያጋልጥ እንደሚችልም ከአንድ ተራ ነጋዴ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ይህን በማሸጊያሽ ላይ በአማርኛና በኦሮምኛ አስጽፊው፤ ማር እንዲህ ያለውንና እንዲያ ያለውን በሽታ ይፈውሳል የሚል ቃል ደግሞ አንድም እንዳታስገቢ። ይህን ሁሉ ሳስብ ትምህርትሽ ቀፎ ሥር ተቀበረ የሚለውን ልቀበለው አልቻልሁም።

የአባትሽ ሥጋት ግን ሥጋት እንጂ ንቀት አይመስለኝምና በክርክር አትመልሺላቸው። የሒሳብ ደብተርሽን አንድ ማታ ከፍተሽ አሳዪያቸው፤ ለንብ አናቢዎች የከፈልሽውን፣ ለሁለቱ ሴቶች የሰጠሽውን፣ ለቤት የቀረውን። (የተማረ ሰው ከገበያ ጋር አይገናኝም የሚለው አባባል በጅማ መነገሩ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ካለበት ከጅሬን ኮረብታ ሥር የነበረው የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎችን ያስተናግድ ነበር፤ ከተማዋም የአደገችው በዚያ ዙሪያ ነው።)

የመድኃኒት መደብሩን ጥሪ በተመለከተ አጭር ነገር ብቻ ልበል። ማር ወቅት አለው፤ በቆረጣ መካከል ያሉትን ወራት ቤታችሁ በምን እንደሚያልፋቸው ደብተሩ ይነግርሻል። ካልበቃ፣ ቅጥሩን በግማሽ ቀን ትችዪ እንደሆነ ጠይቂ፤ ብትቀጠሪ ንብ አናቢዎቹን ከዳሁ አትበይ። የሚበቃ ከሆነ ግን ሐፍረት ብቻ ወደ መደብሩ እንዳይወስድሽ እለምንሻለሁ።

የአጎትሽን ስም በማሸጊያው ላይ ስለ ማሳተም፣ አስቀድመሽ ጠይቂያቸው፤ ስማቸው በየሱቁ መደርደሪያ መቆሙን ላይወዱት ይችላሉ። እምቢ ካሉ የጌራን ስም አስጽፊ። የጌራን ስም ካስጻፍሽ በኋላ ግን ወቅቱ ቢከፋና ደንበኛ ቢያስቸኩልሽ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ማር በዚያ ዕቃ ውስጥ አንድ ማንኪያ እንኳ አይግባ።