ለምን «እሳቸው» አሏት?

ጥያቄ፦ የ54 ዓመት ሴት ነኝ። ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶች በሚያርፉበት መጠለያ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ከ25 ዓመት ልጄ ጋር ከተኳረፍን አምስት ወር ሆነን። እሷ «ትራንስ ሴቶች ሴቶች ናቸው» ትላለች፤ ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት ስለሚኖሩት ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ ሴትነት አብሮ የሚወለድ እንጂ በስሜት የሚመጣ አይደለም እላለሁ። የሴቶች መጠለያ፣ የሴቶች እስር ቤት፣ የሴቶች ስፖርት ለብቻ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። (የልጄ አብሮ አደግ ጓደኛ ወንድ ሆነው ነው ያደጉት። አሁን እንደ ሴት ይኖራሉ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከቤታችን አይጠፉም ነበር። ይህን ነገር ያስያዟት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።) በመጨረሻ የተነጋገርን ዕለት ልጄ «እሷ በሌሊት ተደብድባ በርሽን ብታንኳኳ ምን ትያታለሽ?» አለችኝ። ሕጉን ነገርኳት። ተነስታ ወጣች። ዕድሜዬን ሙሉ ለሴቶች ቆሜ በገዛ ልጄ ጨካኝ ተባልኩ። እንዴት ላስረዳት?

መልስ፦ ደብዳቤዎ አራት ገጽ ነበር፤ ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ያወጣሁት በአብዛኛው ማስረጃውን ነው። ማስረጃው ሐሰት ስለሆነ አይደለም። የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2025 በእኩልነት ሕጉ ውስጥ «ሴት» የሚለው ቃል ሥነ ሕይወታዊ ጾታን እንደሚያመለክት ወስኗል። የዓለም አትሌቲክስም በ2023 የወንድ ጉርምስና ያለፉ ትራንስ ሴቶች በሴቶች ዓለም አቀፍ ውድድሮች እንዳይሳተፉ ከልክሏል።

ልጅዎም ባዶ እጇን አልመጣችም። እንደጻፉልኝ የዓለም የጤና ድርጅትን ጠቅሳልዎታለች። እውነቷን ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መለያ መዝገብ ከተወለዱበት ጾታ ጋር አለመስማማትን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። እርስዎ የጠቀሱት ፍርድ ቤትስ ቢሆን? ውሳኔው አንዱ ወገን በሌላው ላይ ያገኘው ድል ተደርጎ እንዳይወሰድ አሳስቧል። ትራንስጀንደር ሰዎች ከአድልዎ የሚጠበቁበት የሕጉ ክፍል እንዳለ መሆኑንም ተናግሯል። ይህን በአራቱ ገጽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

በዚህ ክርክር ማን ልክ እንደሆነ አልዳኝም። ስለ መጠለያው ያነሱት ስጋት ቀላል አይደለም። ከባሏ ዱላ ሸሽታ የመጣች ሴት በኮሪደሩ የወንድ ድምፅ ስትሰማ ምን እንደምትሆን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ልጅዎ ይህን በደፈናው «ጥላቻ» ካለችው ተሳስታለች።

እኔን ያስቆመኝ ግን ሌላ ነው። አንዲት ቃል። «እሳቸው»።

በአማርኛ ስለ አንድ ሰው ሲወራ ጾታውን ሳይናገሩ ማለፍ ከባድ ነው። ወይ «መጣ» ነው ወይ «መጣች»። ግሱ ራሱ ያፋጥጣል። አንድ ማምለጫ ቢኖር አንቱታ ነው። «መጡ» ካሉ ማንም ምንም አያውቅብዎትም። እርስዎም ገበታዎ ላይ በልታ ያደገችን የልጅዎን እኩያ አንቱ አሏት። (እኔ «እሷ» እያልኩ ነው የምጽፈው። በክርክሩ ለመፍረድ ብዬ አይደለም። ሰውን ራሱን በሚጠራበት መጥራት የሥራዬ ልማድ ነው።)

መጀመሪያ ሳነበው ሹፈት መሰለኝ። ደግሜ ሳነበው ግን የሹፈት ሽታ የለውም። ቢሾፉ ኖሮ «እሱዬው» ይሉ ነበር። አራት ገጽ ሙሉ «ጾታ በልደት ነው፤ አለቀ» ሲሉ የቆዩ ሰው «እሱ» ብሎ መጻፍ ሊከብድዎት አይገባም ነበር። እጅዎ ግን እምቢ አለ። «እሷ» ማለትም አልሆነለት። መሀል ላይ ቆሞ የአክብሮት ቃል አገኘ።

ይህን እንደ ድክመት እንዳይቆጥሩብኝ። ከደብዳቤው ሁሉ ደስ ያለኝ እሱ ነው። በአራቱ ገጽ ውስጥ ያሉት ትራንስ ሴቶች በሙሉ አይተዋቸው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ስፖርተኛ፣ እስረኛ፣ ከሳሽ፣ ተከሳሽ። የሚያውቋት አንዲት ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ ቅንፍ ውስጥ አስገቧት። ልጅዎ ስትከራከር የነበረው ስለማን ይመስልዎታል? እርስዎ ስለ ሕዝብ ሲያወሩ እሷ ስለ አንድ ሰው እየጠየቀችዎት ነበር።

ጥያቄዋን መልሰው ያንብቡት። «በርሽን ብታንኳኳ» ነው ያለችው። የትኛውን በር? እርስዎ የመጠለያውን በር ሰሙ። አይፈረድብዎትም፤ 19 ዓመት ሙሉ ማን ይግባ ማን ይቆይ እያሉ እዚያ በር ላይ የቆሙ ሰው በር ሲባል ሌላ በር አይታያቸውም። እኔ ግን የቤትዎን በር ይመስለኛል። ያ በር የማንንም ፍርድ ቤት ውሳኔ አይጠብቅም። የመጠለያው ደንብ እንዴት ይሁን በሚለው ላይ ከልጅዎ ጋር እስከ መጨረሻው ላይስማሙ ይችላሉ፤ ያ ይቻላል፣ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ይኖራል። የቤቱ በር ጥያቄ ያለ መልስ ሲቀር ግን ልጅ ኩርፊያ ብቻ አይደለም የምትይዘው። «እኔስ አንድ ቀን ያልጠበቀችኝን ሆኜ ብመጣ?» ማለት ትጀምራለች። ይህን የምለው ስለ ጾታ ብቻ አይደለም። በሥራ፣ በትዳር፣ በእምነትም ልጅ ወላጇን በጓደኛዋ በኩል ነው የምትፈትነው።

እና «እንዴት ላስረዳት?» ላሉት ባያስረዷት ይሻላል እላለሁ። ለጊዜው። ቅር እንደሚልዎት አውቃለሁ። ጨካኝ መባል ያቃጥላል፤ በተለይ የሌላውን ሰው ቁስል ሲያጥብ ለኖረ። ግን የ19 ዓመት ሥራዎ ልክ እንደነበር የሚመሰክርልዎት ልጅዎ መሆን የለባትም። ያን ያህል ዓመት የግፍ ታሪክ ሲሰሙ መኖር ራሱ ሰውን ያደክማል። ስለዚህ ከልጅዎ ጉዳይ ውጭም ለራስዎ ብቻ አማካሪ ፊት ለፊት ቢያገኙ መልካም ነው። በአራት ገጽ ውስጥ «ደክሞኛል» የሚል አንድም ቦታ አለመኖሩ አሳስቦኛል።

ለልጅዎ ግን አጭር መልእክት ይላኩ። ውሳኔም ደንብም አይጥቀሱ። «ያን ዕለት የትኛውን በር ነበር ያልሽው?» ብለው ይጠይቋት። ወዲያው ላትመልስ ትችላለች፤ አምስት ወር በአንድ መልእክት አይፈታም። ከመለሰች ሁለታችሁም አብራችሁ ባለሙያ ጋ ብትሄዱ እመርጣለሁ። ስለ ጓደኛዋም ይጠይቁ፤ ደህንነቷን፣ የት እንዳለች። ግሱ ላይ ሲደርሱ እጅዎ እንደገና ቢቆም፣ ቆሟል ብለው ለልጅዎ ይንገሯት።