የሚሸሽ ካህን ሰማዕት ይባላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። ስለ ሜክሲኮው ሰማዕት ስለ አባ ሚጌል ፕሮ ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። ከፖሊስ ለማምለጥ ልብስ እየቀያየሩ፣ አንዴ መካኒክ አንዴ ለማኝ መስለው ይንቀሳቀሱ ነበር ይላል። ጌታ «በሰው ፊት የሚክደኝን እክደዋለሁ» ብሎ የለ? ክህነትን መደበቅ ክህደት አይሆንም? ደግሞስ በአማላጅነታቸው መማጸን እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ የዋዛ አይደለም። እኔንም አንድ ሰሞን ሲያብሰለስለኝ ነበር።

መጀመሪያ የጠቀስሽውን ጥቅስ እንይ። ማቴዎስ ምዕራፍ 10፣ ቁጥር 33 ነው። አሁን እዚያው ምዕራፍ ላይ ዐሥር ቁጥር ወደ ኋላ ተመለሺ። «በአንዲቱ ከተማ መከራ ሲያሳዩአችሁ ወደ ሌላይቱ ሽሹ» ይላል። ያው ጌታ፣ ያው ንግግር። ስለዚህ መሸሽና መካድ በእርሱ ዘንድ አንድ አይደሉም። ጳውሎስም ከደማስቆ ያመለጠው በቅርጫት ሆኖ፣ በቅጥሩ ላይ በሌሊት ወርዶ ነው።

የሰምርኔሱን ጳጳስ ፖሊካርፐስንም አስቢ። ሊይዙት ሲመጡ ከአንድ እርሻ ወደ ሌላ እየሄደ ተደበቀ። በዚያው ታሪክ ውስጥ ኩዊንጦስ የሚባል ሰው አለ። እሱ ማንም ሳይጠራው «ያዙኝ» ብሎ ሄደ፤ አራዊቱን ሲያይ ግን ልቡ ከዳውና ለጣዖት ሠዋ። ተደብቆ የነበረው ሽማግሌ እስከ እሳት ጸና፣ ሮጦ የሄደው ካደ። የጥንት ክርስቲያኖች ራሳቸውን አሳልፈው የሚሰጡትን እንደማያመሰግኑ እዚያው ጽፈዋል። ሰማዕትነት ሲመጣ ይቀበሉታል እንጂ ፈልገው አይሄዱበትም።

ወደ አባ ፕሮ ልምጣ። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1891 በሜክሲኮ ዛካቴካስ ግዛት፣ ጓዳሉፔ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ወሮችም በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1911 ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገቡ። በ1914 በቤተ ክርስቲያን ላይ የሚደረገው ስደት ሲበረታ ከአገር ወጡና በ1925 ቤልጂግ ውስጥ ክህነት ተቀበሉ። ጨጓራቸው ክፉኛ ታሞ ሦስት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ወደ አገራቸው የተመለሱት በሐምሌ 1926 ነው። በዚያው ወር መጨረሻ «የካዬስ ሕግ» የሚባለው፣ በፕሬዚዳንቱ ስም የተጠራው ሕግ ሥራ ላይ ዋለ።

ይህን ሕግ ሳናውቅ ስለ ልብሱ መፍረድ አንችልም። ካህን የክህነት ልብስ ለብሶ መንገድ ላይ ከታየ 500 ፔሶ ይቀጣል። መንግሥትን ከተቸ አምስት ዓመት እስር ሊፈረድበት ይችላል። ጳጳሳቱም ሕጉን በመቃወም በአብያተ ክርስቲያናት የሚደረገውን አገልግሎት አቆሙ። እንግዲህ ምእመናኑ ማን ያናዝዛቸው? ለሚሞተው ማን ይድረስለት?

አባ ፕሮ ልብስ የቀየሩት ለዚህ ነው። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በየቤቱ ቁርባን የሚያቀብሉባቸው ቦታዎች አዘጋጁ፤ በቀን በአማካይ 300 ያህል ሰው ያቆርቡ ነበር። ለድሆች ቤተሰቦችም ምግብ ያደርሱ ነበር። ቀልድ ስለሚወዱ ማስመሰሉም ሳይቀናቸው አልቀረም። አንድ ቀን ፖሊስ ከኋላ ሲከተላቸው የአንዲት የሚያውቋትን ወጣት ክንድ ያዝ አድርገው «እርጂኝ፣ ካህን ነኝ» ብለው ሹክ አሏት፤ ፖሊሱ ፍቅረኛሞች መስለውት አለፈ ይባላል።

እና ይህ ክህደት ነው? ክህደት «ክርስቶስን አላውቀውም» ማለት ነው። ጴጥሮስ በቅጥር ግቢ ውስጥ እሳት ሲሞቅ ያለው እሱን ነው። እኚህ ሰው ግን የተደበቁት ክርስቶስን ለሰው ለማድረስ ነው። ነፍሳቸውን ብቻ ማዳን ቢፈልጉማ ቤልጂግ ይቀሩ ነበር።

ኅዳር 1927 በቀድሞው ፕሬዚዳንት በኦብሬጎን መኪና ላይ ቦምብ ተወረወረ። አጥቂዎቹ የተጠቀሙበት መኪና ቀደም ሲል የአባ ፕሮ ወንድም የኡምቤርቶ ነበር። ካህኑና ወንድሞቻቸው ተያዙ። ሴጉራ ቪልቺስ የተባለ መሐንዲስ ድርጊቱን እንደፈጸመ ራሱ ቢናገርም እነሱን አላዳናቸውም። ፍርድ ቤት የሚባል ነገር አላዩም። ኅዳር 23 ጠዋት አባ ፕሮን በፖሊስ መሥሪያ ቤቱ ግቢ አወጧቸው። ተንበርክከው ጸለዩ። ዓይናቸው እንዲሸፈን አልፈለጉም። በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሌላው መቁጠሪያ ይዘው እጃቸውን ዘረጉ። ጠላቶቻቸውን ይቅር አሉ። የመጨረሻው ቃላቸው «ንጉሥ ክርስቶስ ለዘላለም ይኑር!» ነበር። ኡምቤርቶም በዚያው ጠዋት ተገደለ።

ባለሥልጣናቱ ፎቶ አንሺዎች ጠርተው ነበር፤ ሰዉ እንዲፈራ። ያሰቡት ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። ፎቶውን ካገኘሽው ልብሳቸውን ልብ ብለሽ እይው። ቀሚስ የለም፣ ካባ የለም። ተራ ሱፍ ልብስ ነው። አንቺን ያስጨነቀሽ ያ መደበቂያ ልብስ እዚያ ግድግዳ ሥር ማንን ደበቀ?

ስለ አማላጅነቱ፦ አዎ፣ በግል ጸሎትሽ መማጸን ትችያለሽ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ መስከረም 25 ቀን 1988 ብፅዕናቸውን አውጀዋል። መታሰቢያቸው እ.ኤ.አ. ኅዳር (ኖቬምበር) 23 ነው። ቅድስናቸው ገና ስላልታወጀ «ብፁዕ ሚጌል ፕሮ» ብለሽ ጥሪያቸው። ጳጳሳትን ከምንጠራበት «ብፁዕ» ጋር ግን እንዳይምታታብሽ፤ እሳቸው ጳጳስ አልነበሩም፣ በክህነት ያገለገሉትም ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ነው።