ከሰል የሚቆጥብ የደንገል ሣጥን

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ባሕር ዳር ተከራይተን እንኖራለን። ባቄላና ሽምብራ በቀቀልን ቁጥር የከሰሉ ወጪ ከአስቤዛው እየተስተካከለ ተቸግረናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከተማችሁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ጥራጥሬ ቶሎ አልበስል የሚላችሁ በከፊል ለዚህ ነው። ስለዚህ ከማታ ጀምራችሁ ዘፍዝፉት፤ ይህ ብቻውን ብዙ ከሰል ያተርፋል።

ከዚያ ሁለታችሁ በአንድ ከሰዓት የምትሠሩት ሣጥን አለ። ታንኳ የሚሠራበት የጣና ደንገል ውስጡ አየር የያዘ በመሆኑ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም፤ በደንብ የደረቀውን ቆራርጣችሁ በካርቶን ግርጌና ዙሪያ ስንዝር ያህል ሙሉበት፣ መሐሉን ለድስቱ ተዉለት፣ ለላዩም ከአሮጌ ብርድ ልብስ ወፍራም መክደኛ ስፉለት። ሽምብራው ሃያ ደቂቃ ያህል ከተንተከተከ በኋላ ክዳኑን ሳትከፍቱ ከነድስቱ አስገቡት፤ በሦስት አራት ሰዓት ውስጥ በራሱ ሙቀት ይለሰልሳል። ጥቂት ምግብ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ድስቱ ሞላ ያለ ይሁን። አደራ፣ ከድስቱ ሥር ፍም ተጣብቆ እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ ምግቡንም በሣጥኑ አታሳድሩት፣ ከመብላታችሁ በፊት እንደገና አፍሉት።