ስለ መዥገርና ቫይረስ ከጅማ ለደረሱኝ ጥያቄዎች መልስ

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ስለ መዥገር የፈለጋችሁትን ጠይቁ ባልኩት መሠረት ከደረሱኝ ጥቂቶቹን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ላሜን ጡቷ ሥር መዥገር ወሯታል። ቫይረስ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የሚያሰጋኝ እሱ አይደለም። በጅማ እርጥብ ወይና ደጋ በብዛት የምናየው ጀርባው በቀለም ያጌጠው አምብሊዮማና ትንሹ ሰማያዊ መዥገር ነው። ሰማያዊው የሚያመጣቸው ባቤሲያና አናፕላስማ የተባሉ የደም በሽታዎች በቫይረስ የሚመጡ አይደሉም፤ መድኃኒት አላቸው። ትኩሳት ካላትና ሽንቷ ደም ከመሰለ ዛሬውኑ አሳዪያት።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሰው የሚገድለው የቱ ነው?

መልስ፦ የክራይሚያ-ኮንጎ ትኩሳት። እ.ኤ.አ. በ1944 ክራይሚያ ላይ ታየ፤ በ1956 ኮንጎ ውስጥ የተገኘው ቫይረስም ያው መሆኑ ኋላ ሲታወቅ ስሙ ተጣመረ። ከሚታመሙት ከ10 እስከ 40 በመቶ ሊገድል ይችላል። ዋናው ተሸካሚ ሂያሎማ የሚባለው መዥገር ነው፤ እግሩ ዝንጉርጉር ሲሆን ሣር ላይ ተንጠልጥሎ ከመጠበቅ ይልቅ መሬት ለመሬት እየሮጠ ይመጣባችኋል።

ጥያቄ፦ እሱ የቆላ አይደል? እኛን ምን አገባን?

መልስ፦ ጋሼ፣ ደረቅና ሞቃት ቦታ እንደሚወድ እውነት ነው። ግን ከቆላ የተገዛ በሬ ይዞት ይወጣል። መዥገሩ ገና ሳያድግ የሚመገበው ጥንቸልና ወፍ ላይ ነው፤ ወፍ ደግሞ አገር አቋርጦ ያደርሰዋል። ቫይረሱ ከእናቲቱ ወደ እንቁላል ስለሚያልፍ ገና የተፈለፈለውም ይዞት ሊወጣ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን በሬው ቫይረሱን ለሳምንት ያህል በደሙ ይዞ ምንም አለመታመሙ ነው። ዓይቶ መለየት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ጫካው ቢመነጠርስ?

መልስ፦ በሕንድ ካርናታካ የሆነውን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1957 ጦጣዎች በጫካ ረገፉ፣ ሰውም ታመመ፤ ክያሳኑር የሚባለው የመዥገር ቫይረስ ነበር። የተመነጠረው ደን ዳር የተሰማራው ከብት መዥገሩን አራባው። ያ በሽታ የሕንድ ነው፤ ቡና ጫካ ዳር ለምናሰማራው ግን አካሄዱ ያሳስባል።

ጥያቄ፦ በጥፍር ብጨፈልቀውስ?

መልስ፦ ተው! ጋዝም አትቀባው። በወረንጦ ቆዳው ሥር ይዘህ ቀጥ አድርገህ ሳበው።

ጥያቄ፦ ለአረፋ በሬ ስናርድ?

መልስ፦ ዋናው አደጋ እዚያ ነው፤ ትኩስ ደም። ከመታረዱ 2 ሳምንት በፊት መዥገሩን በመድኃኒት አስወግዳችሁ ለይታችሁ አቆዩት፤ መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ ስንት ቀን እንደሚፈጅም ሻጩን ጠይቁ። የሚያርድና ቆዳ የሚገፍ ጓንት ያድርግ። የበሰለ ሥጋ ላይ ቫይረሱ አይተርፍም። ካረዳችሁ በኋላ ባሉት 2 ሳምንታት ድንገት ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ማረዳችሁን ሳትጠየቁ ተናገሩ።