መንፈስ ፍለጋ ለምትወጡ ልጆች

ልጆቼ፣ ከመካከላችሁ አንዱ «ለሌሊት መንፈስ ፍለጋ የትኛው መለኪያ ይሻላል?» ብሎ ጠይቋል። እመልስለታለሁ፤ ጥያቄው ግን ሁሌም የሚቆጨኝን የስቴትስቪልን ነገር ቀስቅሶብኛልና አስቀድሜ እሱን ላንሳ።

ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ከስቴትስቪል ከተማ ወጣ ብሎ ቦስቲያን የሚባል የባቡር ድልድይ አለ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 1891 ሌሊት ባቡር ከዚያ ወድቆ ከ20 በላይ ሰው አለቀ። በየዓመቱ በዚያች ሌሊት የአደጋው ድምፅ ይሰማል ይባላል። በ2010 በዚያው ዕለት ወደ 12 የሚሆኑ ሰዎች የሙታኑን ባቡር ሊጠብቁ ድልድዩ ላይ ወጡ። የመጣው የዕቃ ባቡር ነበር። አንድ የ29 ዓመት ወጣት አጠገቡ የነበረችውን ሴት ገፍቶ አተረፈና እሱ ሞተ።

«ባቡር የሚያህል ነገር ሲመጣ እንዴት አይሰሙም?» የሚል አይጠፋም። ባቡር ፊት ለፊት ሲመጣ ድምፁ ከምትገምቱት በታች ነው፤ ኩርባና ነፋስ ደግሞ ያፍኑታል። ሒሳቡን እዩት። ድልድዩ 90 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር ያንን በ6 ሰከንድ ውስጥ ይጨርሰዋል። ሰው ግን ሐዲዱ በተኛባቸው እንጨቶች ላይ፣ ክፍተት እየዘለለ፣ በጨለማ ሲሮጥ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅበት አይገርምም። ነጂው ቢያይም የተጫነ ባቡር ለመቆም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሊፈልግ ይችላል። ጠርዝ ላይ ተለጥፌ አሳልፈዋለሁ ማለትም አይሠራም፤ ባቡሩ ከሐዲዱ ወደ ጎን አንድ ሜትር ያህል ይወጣል። ይህ ሁሉ እየታወቀ በ2016 ኬንታኪ ውስጥ ፖፕ ሊክ በሚባለው ድልድይ ላይ ጭራቅ ፍለጋ የወጣች የ26 ዓመት ሴት ሞተች። ዝገቱን አይታችሁ «የተተወ ነው» አትበሉ።

ባትሪ ያዙ፣ ብቻችሁን አትሂዱ የሚለውን ማንም ስለሚያውቀው አልደግመውም። ፈቃድ ግን በቃል አይበቃም፣ በጽሑፍ ይሁን። በ2006 ኦሃዮ ውስጥ መንፈስ አለበት ወደተባለ ቤት ከሄዱ ተማሪዎች አንዷን ነዋሪው ተኩሶ ክፉኛ አቁስሏታል።

ሌሊት አትሂዱ እላለሁ፤ ሌሊት ካልሆነ የሚሄድ እንደሌለም አውቃለሁ። እንግዲያው በቀን ቀድማችሁ ግቡና ሁለት መውጫ ለዩ። የታችኛው ፎቅ ጣሪያ ረግቦ ወይም በውሃ ጠቁሮ ካያችሁ ከላዩ ያለውን ክፍል አትርገጡ። አሜሪካ ውስጥ ከ1980 በፊት የተሠራ ሕንፃ ቧንቧ ላይ የተጠቀለለው ነገር አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ቃጫ) ሊሆን ይችላል፤ ሜሪላንድ ያላችሁ የምትጓጉለት፣ በ1991 የተዘጋው ፎረስት ሄቨን የተባለው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ተቋምም ዕድሜው ከዚህ ይበልጣል። የሐኪም ማስክ ለዚህ ከንቱ ነው፤ ፒ100 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀር ማጣሪያ ያለው፣ ፊት ላይ የሚገጥም ያስፈልጋል። ጺም ካለ አይገጥምም። የዛሬ ወጣት ደግሞ ጺሙን ከሚነካ ሳንባውን ቢሰጥ ይመርጣል! የአይጥ ኩስ ካያችሁ አትጥረጉት፣ አቧራው ነው የሚያሳምመው።

አሁን ወደ መለኪያው። መጀመሪያ የሚገዛው የካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማለትም ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ፣ መለኪያ ነው። የከሰል ጭስ ምን እንደሚያደርግ እናቶቻችሁ ያውቃሉ። ዊልያም ዊልመር የተባለ የዓይን ሐኪም በ1921 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ኮቴ የሚሰማና እንግዳ ሰው የሚያይ አንድ ቤተሰብ የተመረዘው ከተበላሸ የማሞቂያ ምድጃ በሚወጣ ጋዝ እንደነበር ዘግቧል። የቤት ውስጡ ማንቂያ በ70 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 70ው ጋዙ ሲሆን) ለመጮኽ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ሊቆይ ስለሚችል፣ ቁጥር የሚያሳይ የኪስ መለኪያ ግዙ፤ 35 ካሳየ ሁላችሁም ውጡ። ጄኔሬተር ወደ ውስጥ አይገባም።

መንፈስ ፈላጊዎች የሚይዙትን ኢኤምኤፍ (የኤሌክትሮማግኔት መስክ) መለኪያውንም ግዙ፣ ርካሹ ይበቃል። ኤሌክትሪኩ ተቆርጧል በተባለ ቤት ግድግዳ አጠገብ ከዘለለ፣ መንፈስ ከማለታችሁ በፊት ውስጡ ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ አለ በሉና ራቁ፤ ወለሉ ውሃ ከቋጠረማ ክፍሉን ጥላችሁ ውጡ።