የእቁብ ብር ለዳውን ፔይመንት ይሆናል? እና ሌሎች ጥያቄዎች

ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከአጎራባች ክልሎች አንባቢያን የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፦ የሚከራይ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ መግዛት። አምስቱን መርጠን መልሰናል።

«ኡበር እነዳለሁ። በወር 1,000 ዶላር የምጥልበት የ20 ሰው እቁብ አለን፤ 8ኛው ዕጣ የእኔ ስለሆነ በቅርቡ 20,000 ዶላር እወስዳለሁ። ቤዝመንቱን አከራይቼ ከላይ የምኖርበት ቤት መግዛት እፈልጋለሁ። ባንክ የእቁብ ገንዘብ አይቀበልም ያሉኝ ሰዎች አሉ። እውነት ነው?» — ሲልቨር ስፕሪንግ

እውነት አይደለም። ኤፍ ኤች ኤ የሚባለው የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ያለው ብድር መመሪያ አባላት ራሳቸው የሚያስተዳድሩትን የቁጠባ ማኅበር ገንዘብ በግልጽ ይፈቅዳል። ከአበዳሪዎች የቤት ብድር የሚገዛው የፋኒ ሜይ መመሪያም እንዲሁ። ባንክ የማይቀበለው ከየት እንደመጣ በወረቀት የማይታይ ገንዘብን ነው። አበዳሪው የሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት ሲያይ 20,000 ዶላር ድንገት ገብቶ ካገኘ ምንጩን ይጠይቃል፤ መልስ ከሌለ ያ ገንዘብ እንደሌለ ይቆጠራል።

ስለዚህ ዕጣው ሳይደርስዎ ወረቀቱን ያዘጋጁ። የእቁቡ ዳኛ ወይም ጸሐፊ የፈረመበት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ እቁቡ መቼ እንደተጀመረ፣ ስንት አባል እንዳለው፣ እርስዎ በየወሩ ስንት እንደሚጥሉ፣ ዕጣው በየትኛው ቀን እንደደረስዎና ስንት ወር እንደሚቀርዎ ይጻፍበት። የመዝገቡ ኮፒ አብሮ ይያያዝ። ከእንግዲህ መዋጮዎን በካሽ አይጣሉ፤ በዜል ወይም በቼክ ከሆነ የራስዎ ስቴትመንት ይመሰክርልዎታል። ዕጣውንም በቼክ ወይም በዝውውር ይቀበሉ። በካሽ ከደረስዎ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያስገቡ። ከ10,000 ዶላር በላይ የሆነ ካሽ ሲገባ ባንኩ ለመንግሥት ማሳወቁ የተለመደ ሥራ ነው፤ ምንም ችግር አያመጣም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ገንዘቡን በ9,000 በ9,000 ከፋፍሎ ማስገባት ግን፣ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆን እንኳ፣ በራሱ የፌዴራል ወንጀል ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ችግር ሌላ ነው። እቁቡን ወስደው ገና 12 ወር መጣል ካለብዎ፣ በወር የሚጥሉት 1,000 ዶላር እንደ ዕዳ ይቆጠራል። ይህ ምን እንደሚያደርስ በቁጥር እንየው። በ2024 ከኡበር 70,000 ዶላር ገቢ አገኙ እንበል፤ የኩባንያው ድርሻና ሌላ ወጪ 15,000 ሆነ፤ 40,000 ማይል ነድተው በማይል 67 ሳንቲም ስላስቀነሱ 26,800 ሄደ። በታክስ ወረቀትዎ ላይ የቀረው 28,200 ዶላር ነው፤ አበዳሪው የሚያየውም ይህንን ነው እንጂ 70,000ውን አይደለም። ነገር ግን ከ67 ሳንቲሙ ውስጥ 30ው የመኪና እርጅና ነው። ከኪስዎ የወጣ ገንዘብ ስላልሆነ አበዳሪው መልሶ እንዲደምረው ይፈቀዳል። 40,000 ማይል በ30 ሳንቲም 12,000 ይሆናል፤ ገቢዎ ወደ 40,200፣ በወር 3,350 ከፍ ይላል። ይህን ስሌት የሚረሱ የብድር ሠራተኞች ብዙ ናቸው፤ «የማይሉን እርጅና ደምረኸዋል?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። የግል ሥራ ገቢ የሚሰላው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓመት አማካይ ስለሆነ የሁለቱንም ዓመት ወረቀት ይዘው ይሂዱ።

ከ3,350 ዶላር ገቢ ለዕዳ የሚፈቀደው 43 በመቶ ቢሆን 1,440 ዶላር ነው። እቁቡ 1,000 ከወሰደ ለቤት የሚቀረው 440 ብቻ። የሚያዋጣዎ ዕጣዎን ከኋለኛ ሰው ጋር ተለዋውጠው መጨረሻ ላይ መውሰድ ነው፤ ያኔ ቀሪ መዋጮ የለብዎትም። ያም ሆኖ 1,440 ዶላር በሲልቨር ስፕሪንግ ብቻውን ቤት አይገዛም። የትዳር ጓደኛ ገቢ ወይም በሕጋዊ መንገድ የሚቆጠር ኪራይ መጨመር አለበት።

ኤፍ ኤች ኤ የክሬዲት ነጥቡ 580ና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው በ3.5 በመቶ ዳውን ፔይመንት (ቅድመ ክፍያ) ከ1 እስከ 4 መኖሪያ ያለው ቤት ያስገዛል። በ60 ቀን ውስጥ ገብተው ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር ግዴታ ነው። በ450,000 ዶላር ቤት ላይ ዳውን ፔይመንቱ 15,750 ነው። በብድሩ ላይ 1.75 በመቶ የዋስትና ክፍያ ይጨመራል፤ በየዓመቱ ደግሞ አብዛኛው ተበዳሪ 0.55 በመቶ ይከፍላል፤ እዚህ ላይ በወር ወደ 199 ዶላር መሆኑ ነው። ዳውን ፔይመንቱ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ይህ ክፍያ ብድሩ እስኪያልቅ አይነሳም። የክሎዚንግ (ግዢው የሚጠናቀቅበት) ወጪ ለብቻው ስለሆነ 20,000ው ጠባብ ነው።

ቤዝመንቱን በተመለከተ፣ ሻጩ «ኪራይ ያስገባል» ስላለ አይመኑ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ የራሱ ማብሰያ ያለውን ክፍል ለማከራየት ላይሰንስ ይጠይቃል። መኝታ ክፍሉ በእሳት ጊዜ ሰው የሚወጣበት መስኮት ያስፈልገዋል፤ በተለመደው ኮድ ክፍቱ 5.7 ስኩዌር ፊት፣ የመስኮቱ ደፍ ከወለሉ ከ44 ኢንች የማይበልጥ። ሜትር ይዘው ራስዎ ይለኩት። መስኮቱን ማስፋት ኮንክሪት መቁረጥና ፈቃድ ማውጣት ስለሚጠይቅ በርካሽ አያልቅም።

«ባልቲሞር ውስጥ 180,000 ዶላር የሚሸጥ ረድፍ ቤት አግኝቻለሁ። በ1,700 ዶላር ይከራያል፤ ሻጩ በዓመት 4,800 ዶላር ገደማ ትርፍ ያሳያል ይላል። ልግዛ?» — ላንካስተር፣ ፔንሲልቬንያ

የሻጩን ስሌት እንደገና እንሥራው። ኪራይ በዓመት 20,400። 144,000 ዶላር በ7.5 በመቶ ለ30 ዓመት ቢበደሩ ክፍያው በዓመት 12,082፣ ኢንሹራንስ 1,400 እንበል፤ የሻጩ የታክስ ቢል 2,124። የሚቀረው 4,794 ነው፤ ሻጩ ያለው ትርፍ ይኸው ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው ከታክሱ ነው። ሻጩ በቤቱ ውስጥ ሲኖር ስለነበረ የነዋሪ ባለቤት ቅናሽ ነበረው፤ በባልቲሞር ከተማ የታክስ ግምቱ በዓመት ከ4 በመቶ በላይ እንዳያድግ ይገደብለታል። ቤቱ ሲሸጥ ቅናሹ ያበቃል፤ ለአከራይ ደግሞ አይሰጥም። የከተማው ታክስ በ100 ዶላር 2.248፣ የክልሉ 0.112 ነው። ቤቱ በ180,000 ቢገመት ታክሱ 4,248፣ ማለትም የሻጩ ቢል እጥፍ ይሆናል። ባዶ የሚውልበትን አንድ ወር 1,700፣ ለጥገና የኪራዩን 10 በመቶ 2,040 ይጨምሩ። እርስዎ ሌላ ክልል ስለሚኖሩ የሚያስተዳድርልዎት ሰው ያስፈልጋል፤ ከተሰበሰበው 10 በመቶ 1,870 ይወስዳል። ትርፉ ይጠፋና በዓመት 2,940 ዶላር ከኪስዎ ይወጣል። በዚህ ዋጋ አይግዙ።

ሌላ ቤት ሲያገኙም የሚከተሉትን ሳያጣሩ አይፈርሙ። ባልቲሞር ውስጥ ብዙ ቤቶች የመሬት ኪራይ አለባቸው፤ ቤቱ የእርስዎ ሆኖ መሬቱ የሌላ ሰው ነው። ክፍያው በዓመት ብዙ ጊዜ ከ150 ዶላር አይበልጥም፣ ግን ሲረሳ ራስ ምታት ያመጣል፤ በክልሉ የንብረት ግምት መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ መኖሩን ይዩ። ከ1978 በፊት የተሠራ ኪራይ ቤት በሜሪላንድ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መመዝገብና የሊድ (እርሳስ ያለበት) ቀለም ምርመራ ማለፍ አለበት፤ የረድፍ ቤቶቹ ደግሞ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው። ከተማው ያለ ኢንስፔክሽንና ላይሰንስ ማከራየት አይፈቅድም። ላይሰንስ የሌለው አከራይ ያልከፈለ ተከራይ ላይ ፍርድ ቤት ሲሄድ ክሱ ይወድቅበታል። የውሃ ቢሉም በባለቤቱ ስም ስለሚመጣ በኪራይ ውሉ ውስጥ ማን እንደሚከፍል ይጻፍ።

«ሦስት ጓደኛሞች አብረን ልንገዛ ነው። ክሬዲቱ ጥሩ የሆነው አንዱ ብቻ ስለሆነ በእሱ ስም ይሆናል፤ እኛ ገንዘቡን በስጦታ ደብዳቤ እንሰጠዋለን። እሱም እኖርበታለሁ ብሎ ወለዱን ያስቀንሳል።» — አሌክሳንድሪያ

አታድርጉት። የስጦታ ደብዳቤው «ገንዘቡ አይመለስም» ይላል፤ እናንተ ግን ድርሻ ትጠብቃላችሁ፤ ስለዚህ ደብዳቤው ሐሰት ነው። የማይኖርበትን ቤት እኖርበታለሁ ማለትም እንዲሁ። ለአበዳሪ ሐሰት መናገር በፌዴራል ሕግ እስከ 30 ዓመት ያስቀጣል። ከዚያም አልፎ ቤቱ በአንድ ሰው ስም ሆኖ እሱ ቢፋታ፣ ቢከሰስ ወይም ቢሞት፣ ሁለታችሁ በፍርድ ቤት የምታሳዩት ወረቀት የላችሁም። የጓደኝነት እምነት ለአበዳሪና ለወራሽ አይሠራም።

ንጹሑ መንገድ በኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ስም የኢንቨስትመንት ብድር መጠየቅ ወይም ሦስታችሁም በባለቤትነት ሰነዱ ላይ መግባት ነው። ወለዱም ዳውን ፔይመንቱም ከፍ ይላል፤ ዳውን ፔይመንቱ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 25 በመቶ ነው። የመተዳደሪያ ስምምነቱ ጣሪያ ሲፈርስ ማን ስንት እንደሚያዋጣ፣ ማዋጣት ያቃተው ድርሻው እንዴት እንደሚቀንስ፣ አንዱ መውጣት ሲፈልግ ዋጋውን ማን እንደሚተምንና በስንት ወር እንደሚከፈለው ይዘርዝር። መውጫው ያልተጻፈበት ሽርክና ነው በሽምግልና የሚያልቀው። ሥራውን አንዳችሁ ብቻ ሠርታችሁ የቀሩት ትርፍ የሚጠብቁ ከሆነ ጉዳዩ በሴኩሪቲስ (የአክሲዮንና መሰል ኢንቨስትመንት) ሕግ ሊታይ ስለሚችል ጠበቃ አማክሩ።

«የቤት ኢንቨስትመንት ሴሚናር 3,000 ዶላር ጠየቀኝ፤ ከኢንቨስተሮች ጋር ያስተዋውቀኛል ተብያለሁ። ዋጋ አለው?» — ሃያትስቪል

ገንዘቡን ቤቱን ለሚመረምር ኢንስፔክተር ያስቀምጡ። የአካባቢ ኢንቨስተሮች ማኅበራት ወርሃዊ ስብሰባ ለእንግዳ ነጻ ወይም በጣም ርካሽ ነው። ሲሄዱ ቤት የሚሸጥልዎትን ሰው አይፈልጉ፤ እዚያ ሞልቷል። በኮንትራት ዝውውር፣ ማለትም የግዢ ውላቸውን ለሌላ ሰው በመሸጥ፣ ቤት የሚያቀርቡ ሰዎች የጥገናውን ወጪ አሳንሰው፣ ከጥገና በኋላ ያለውን ዋጋ አጋነው ያቀርባሉ። የሚጠቅምዎ ከሁለትና ከሦስት ቤት በላይ የሌላቸው፣ ግን አምስት ዓመት ያከራዩ ሰዎች ናቸው። «ባለፈው ዓመት ከባዱ ወጪህ ምን ነበር? ማን ሠራው? ደግመህ ትጠራዋለህ?» ብለው ይጠይቁ። የሦስት ሰው መልስ ከሴሚናሩ ይበልጣል።

ኮንትራክተር ሲጠቆምዎ የሜሪላንድ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ላይሰንስ ቁጥሩን ጠይቀው በድረ ገጹ ያረጋግጡ፤ ከውሉ ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቅድመ ክፍያ መቀበል ለእሱ ሕግ አይፈቅድም። ላይሰንስ የሌለው ሰው ሥራውን ቢያበላሽ ከክልሉ የካሳ ፈንድ አንድ ሳንቲም አያገኙም፤ የአገር ልጅም ቢሆን። ኤጀንትን በተመለከተ ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ቤት ከማየትዎ በፊት የጽሑፍ ስምምነት ይፈርማሉ። የሚቆይበትን ጊዜ ወደ 30 ቀን ያሳጥሩት፤ ክፍያውም በቁጥር ይጻፍ። ኢንስፔክተሩንና አበዳሪውን ኤጀንቱ ብቻ እንዲመርጥልዎት አይፍቀዱ።

«ማስታወቂያው ላይ ‘ለሐበሻ ብቻ’ ብዬ ልጻፍ? የምኖርበት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ነው።» — ሲልቨር ስፕሪንግ

አይጻፉ። በ1968 የወጣው የፌዴራል የመኖሪያ ቤት ሕግ በዘርና በትውልድ አገር የሚመርጥ ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ባለቤቱ በቤቱ ውስጥ ቢኖርም የማስታወቂያው ክልከላ አይነሳም። በፌስቡክ ቡድን ውስጥ በአማርኛ መጻፍዎም አያድንዎትም። የክፍሉን ስፋት፣ ኪራዩን፣ የማጨስና የእንግዳ ደንብዎን ይጻፉ፤ የገቢና የክሬዲት መስፈርትዎንም ለሁሉም አመልካች እኩል ይተግብሩ። በሜሪላንድ ከመስከረም 2024 መጨረሻ በኋላ በተፈረመ ውል መያዣው (ዲፖዚቱ) በአብዛኛው ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ ተከራይ ሲወጣ በ45 ቀን ውስጥ ይመለሳል።